ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው አለቃ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ መጠየቅ የማይሰለቸው። ሌላው ንጉሥ ፈረሱን አስጭኖ ድንበር ሲያስፋፋ፣ ይሄኛው እንቁራሪት ዝናብ መምጣቱን በምን ታውቃለች፣ ሽማግሌ ለምን ሌሊት ቶሎ ይነቃል፣ ጭስ ለምን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም እያለ ሲጠይቅ ይውላል። ሹማምንቱ "ዛሬ ደግሞ ምን ሊጠይቀን ይሆን?" እየተባባሉ ነበር ግቢ የሚገቡት። እኔ በበኩሌ ይሄን ንጉሥ እወደዋለሁ። የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ አያውቅም፤ ይሄ ደግሞ በንጉሥ ቀርቶ በእኛ በተራዎቹም ዘንድ ብርቅ ነው። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። መጠየቁን እንጂ መልሱን መጠበቁን አልለመደም። አንዱን ጠይቆ ሳይጨርስ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል።

በግዛቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ከሥሩ ፍል ውሃ ስለሚገባበት ዳር ዳሩ ለብ ያለ ነው። አዝመራ ከገባ በኋላ ወገቡን ያመመው፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ምንም ያላመመውም ጭምር ከየአገሩ እየመጣ ይነከርበታል። ታዲያ የሐይቁ አሸዋ አይታመንም። ሰው ውሃው ከደረቱ ሳያልፍ ደህና ሲረግጥ ቆይቶ፣ አንድ እርምጃ ሲጨምር ከእግሩ ሥር መሬት የለም። በየዓመቱ ሰው ይሰምጥ ነበር። ንጉሡም "ሰው ሊድን መጥቶ ለምን ይሞታል?" ብሎ ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እንደዚህኛው የተባረከ የለም። በሐይቁ ዳር፣ ገበሬ አዝመራውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅበትን ዓይነት ማማ አሠራ፤ በየማማው ላይም ዋና የተካኑ ወጣቶችን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ አስቀመጠ። ነፍስ አድኖች ተባሉ። ሐይቁን ተከፋፍለው እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይጠብቃል። በላያቸው ደግሞ አያ ጉልላት የሚባል፣ ዕድሜውን በውሃ ላይ የጨረሰ ሽማግሌ አለቃ ሆነ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ሰምጦ የሚሞተው ሰው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። አንድ ቀን ንጉሡ ራሱ ወገቡን አሞት ሊነከር መጣና ከመግባቱ በፊት ጥላ አስዘርግቶ ከዳር ተቀመጠ። ያን ዕለት ሁለት ነገር አየ፤ ሁለቱም ግራ አጋቡት።

አንደኛው አያ ጉልላት ነው። ሽማግሌው ወደ ውሃው ገባ ያለ ትልቅ ድንጋይ ላይ በርጩማውን አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ማማዎቹ ጀርባውን ወደ ሐይቁ አድርጎ ተቀምጧል። ከበስተኋላው ሰው ይዋኛል፣ ይንቦጫረቃል፣ ይሳሳቃል፤ እሱ ዞር ብሎም አያይ። አንድ ጊዜ ብቻ እጁን አንስቶ ከአንዱ ማማ ላይ ያለችውን ልጅ አስወረደና ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ በቦታዋ ሌላ ሰው አስወጣ። ልጅቱ ምን እንዳጠፋች ንጉሡ ሊገባው አልቻለም።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ቀትር ላይ ከአንዱ ማማ ቀንድ ተነፋ። አንድ ሰው አሸዋው ከድቶት ውሃ እየጠጣ ነው። የማማው ጠባቂ ዘሎ ገባ፤ እዚህ ድረስ ደህና። የቀሩት ጠባቂዎች ግን ሁሉም ሰውየው ከሚሰምጥበት ቦታ ፊታቸውን አዞሩ። ወደዚያ የሚያይ አንድ እንኳ አልተገኘም። ሰውየው ወጥቶ እያሳለ አሸዋው ላይ እስኪወድቅ ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ንጉሡ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ደሙ ፈላ። ሰው ሊሞት ሲል ፊቱን የሚያዞር ጠባቂ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው እያለ አያ ጉልላትን አስጠራ።

መጀመሪያ የጠየቀው ስለ አቀማመጡ ነው። ሐይቅ ጠብቅ ተብሎ የተሾመ ሰው እንዴት ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል አለው።

"እነሱ ውሃውን ያያሉ፤ እኔ እነሱን አያለሁ" አለ አያ ጉልላት።

"አንተንስ ማን ያይሃል?"

"ዛሬ እርስዎ እያዩኝ ነው፣ ንጉሥ ሆይ።"

ሹማምንቱ ሳቁ፤ ንጉሡም ሳቀ። ፊት ስለ ማዞሩ ጉዳይ ሲጠይቀው ደግሞ ሽማግሌው "ሥርዓቱ ነው" ብሎ ዝም አለ። ንጉሡ ለምን እንዲህ ያለ ሥርዓት ወጣ ብሎ ሊቀጥል ሲል ውሃው ለወገቡ ተስማሚ የሚሆንበት ሰዓት ደረሰ ተባለና ተነሳ። በዚያው ረሳው።

ጥበበኛ የሚባሉ ሰዎች አንድ አመል አላቸው፤ እናንተም ሳትታዘቡ አትቀሩም። አጠር ያለች ያማረች መልስ ይመልሱና ዝም ይላሉ። የገባው ገባው፣ ያልገባው ራሱ ይወቅ! አያ ጉልላትም ይሄ አመል ተጣብቶት ነበር። ንጉሡን ብቻ አይደለም፣ ነፍስ አድኖቹንም ሥርዓቱን አስጠናቸው እንጂ ምክንያቱን ነግሯቸው አያውቅም። ቀንድ ሲነፋ አንዱ ይግባ፣ ሌላው ፊቱን ያዙር። በቃ።

ከዓመት በኋላ አያ ጉልላት ጉልበቱ ከዳውና ድንጋዩ ላይ መውጣት አቃተው። ንጉሡን ያሰናብቱኝ ብሎ ለመነ። በምትክህ ማንን ልሹም ሲባል ማን እንደሚሾም አልተናገረም፤ ማን እንዳይሾም ብቻ ተናገረ። ቢያድግልኝ የሚባለው ጠባቂ ገና ነው አለ። ለምን ቢሉት፣ ጩኸት ሲሰማ እግሩ ይቀድመዋል ብሎ እንደ ልማዱ ዝም።

ቢያድግልኝ ማለት ከነፍስ አድኖቹ ሁሉ የላቀው ዋናተኛ ነው። ማማዎቹ ከመሠራታቸው በፊት እናቱ በዚሁ ሐይቅ ሰምጣ ቀርታለች፤ ታናሽ እህቱን ስንቅነሽን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። በሕይወቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚህ ሐይቅ ሌላ የሰው ልጅ እንዳይቀር። አለቅነቱን የተመኘውም ለዚሁ ነው እንጂ ለክብሩ አልነበረም። ቀንድ ተነፍቶ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ውስጡ ይቃጠላል። እናቴም እንዲህ ፊታቸውን ያዞሩባት ሰዎች ነበሩ ይሆን እያለ ያስባል። ይሄን ሥርዓት አንድ ቀን እሽረዋለሁ ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር።

ሹማምንቱም የዋናተኞች አለቃ ከሁሉ አብልጦ የሚዋኘው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው አሉ። ሰዉም ይወደዋል፤ እሱ ያወጣቸው ሰዎች በየመንደሩ ልጃቸውን በስሙ ይጠራሉ። ንጉሡ የሽማግሌውን ቃል አስታውሶ ጥቂት አመነታ። ጠርቶ ሊጠይቀውም አስቦ ነበር። አልጠራውም። ቢያድግልኝን ሾመው።

አዲሱ አለቃ ሥራውን የጀመረው በርጩማውን በማዞር ነው። ፊቱን ለሐይቁ ሰጠ። ቀጥሎ ፊት የማዞሩን ሥርዓት ሻረና ቀንድ ሲነፋ ቅርብ ያለ ሁሉ ዘሎ ይግባ፣ አለቃውም ጭምር ይገባል አለ። ጠባቂዎቹ ከደስታ ብዛት አቀፉት። ለካ ሁሉንም ያ ሥርዓት ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ አማረ። ቀንድ ይነፋል፣ ቢያድግልኝ ከድንጋዩ ላይ ይወረወራል፣ ከግራ ከቀኝ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ የሰመጠው ሰው ገና ሁለተኛ ጉንጭ ሳይጠጣ ተሸክመውት ይወጣሉ። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ወንዶቹ ያጨበጭባሉ። ሰው ለመታጠብ ብቻ ሳይሆን ነፍስ አድኖቹን ለማየትም መምጣት ጀመረ። ወራት አለፉ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ንጉሡ ይሄን ሲሰማ፣ ታዲያ ሽማግሌው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ። ሹማምንቱም አዎን፣ ተሳስቶ ነበር አሉት። አያ ጉልላትን ግን ማንም አልጠየቀውም። እሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እሳት ይሞቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

አንድ የገበያ ዕለት ሐይቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ሞልቶታል። አንድ የጨው ነጋዴ፣ ሰውነቱም ድምፁም ግዙፍ የሆነ፣ በታንኳ ሊሻገር ሲል ታንኳዋ ተገለበጠችበት። እሪ ብሎ ጮኸ። በአገሩ ያሉትን ታቦታት አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ፤ አንዱንም አልረሳም። ቀንድ ተነፋ። ቢያድግልኝ ተወረወረ፤ ጠባቂዎቹም ተከተሉት። ያልገቡትም በየማማቸው ላይ ቆመው ያያሉ። በውሃ ውስጥ ያለው ሰው መታጠቡን ትቶ ያያል፤ ከዳር ያለውም ተሯሩጦ መጥቶ ያያል። ነጋዴው ከባድ ስለነበር ትግሉ ረዘም አለ። በመጨረሻ ጎትተው አወጡት። እልልታው ሐይቁን አናወጠው። ነጋዴው ቢያድግልኝን አቅፎ አለቅም አለ፤ ሰዉም ሁለቱንም ተሸከማቸው።

በዚያ ግርግር መሀል አንድ ሸማኔ የሚስቱን ነጠላ ይዞ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አበጁን አያችኋት ወይ ይላል። ጠጉሬን ታጥቤ ልምጣ ብላ ነጠላዋን ሰጥታው ነበር የገባችው። ከጎኗ ስትታጠብ የነበረች አንዲት አሮጊት፣ አሁን እዚህ ነበረች እኮ፣ ነጋዴውን አይቼ ስመለስ የለችም፣ የወጣች መስሎኝ ነበር አለች። ድምፅ ሰምተሽ ነበር ቢሏት ምንም አልሰማሁም አለች።

አበጁን ከአንዱ ማማ ፊት ለፊት፣ ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥ ውሃ ሥር አገኟት። የዚያ ማማ ጠባቂ ደምለው ይባላል። ከማማው አልወረደም ነበር፤ ቦታው ላይ ቆሞ ነበር። የሚያየው ግን ነጋዴውን ነበር።

ሸማኔው አልጮኸም፤ ደረቱንም አልመታ። ሬሳውን ተሻግሮ ቢያድግልኝ ፊት ቆመና "ያን ጊዜ ወዴት ነበር የምታየው?" አለው። እንደ ክስ አይደለም፤ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነው የጠየቀው። ቢያድግልኝ ክው አለ። እናቱ ከሞተችበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ያለ ሐዘን ቀምሶ አያውቅም፤ ያኔ ልጅ ነበር፣ አሁን ግን አለቃው እሱ ነው።

ንጉሡ እንደ ሰማ ፈረሱን ጭኖ መጣ። ቢያድግልኝን ይዞ በቀጥታ አያ ጉልላት ቤት ገባ። ሽማግሌው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ቢያድግልኝ እግሩ ሥር ተቀምጦ ያለው አንድ ነገር ነው።

"አያ ጉልላት፣ ለምን አልነገሩንም?"

ሽማግሌው ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠና፣ በዕድሜው ልክ ተናግሮት የማያውቀውን ያህል ተናገረ።

"የሚጮህ ሰው ትንፋሽ አለው። የሚሰምጥ ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይ ብቅ ሲል አየር ለመሳብ እንኳ ጊዜ አይበቃውም፤ በምኑ ይጣራ? እጁንም አያውለበልብም፤ እጁ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ ነው። ቆሞ የሚታጠብ ነው የሚመስለው። ከጎኑ ያለው ሰው እንኳ አያውቅለትም። አንዱ ሲጮህ ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ሐይቁ ሌላውን የሚወስደው ያን ጊዜ ነው። ፊታችሁን አዙሩ ያልኳችሁ ጨካኝ እንድትሆኑ አልነበረም። ለታየው ሰው አንድ ሰው ሄዶለታል። የሄደውን ጠባቂ ድርሻ ተከፋፍላችሁ ያልታየውን ፈልጉ ማለቴ ነበር። ይሄን አልነገርኳችሁም። ሥርዓቱን ካወቁ ይበቃቸዋል አልኩ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሥርዓቱን አንድ ቀን እንደሚጥለው አላሰብኩም። የአበጁ ነገር በእኔም እጅ ነው።"

ይሄን ብሎ አለቀሰ። ንጉሡም አንገቱን ደፍቶ፣ እኔም ጠይቄህ መልሱን ሳልጠብቅ ሄጃለሁ፣ በእኔም እጅ ነው አለ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው፣ ጥፋቱን አንዱ ወደ ሌላው ሳይገፋ ሁሉም ወደ ራሱ ሲስብ መቼ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቢያድግልኝ አለቅነቱን አውርዱልኝ ብሎ ለመነ። ሹማምንቱም ይውረድ አሉ። ንጉሡ ግን መጠየቅ ልማዱ ነውና ሸማኔውን አስጠርቶ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው።

"ሌላ ሰው አይሹሙ" አለ ሸማኔው። "እሱ ሚስቴን አይረሳትም። አዲስ የሚሾመው አያውቃትም።"

በዚህ ቃል ቢያድግልኝ በቦታው ቀረ። አያ ጉልላትንም በቃሬዛ እያመጡ በየቀኑ ከድንጋዩ አጠገብ አስቀመጡት። ሽማግሌው አሁን ዝምታውን ትቷል፤ እንዲያውም ወሬኛ ወጣው እያሉ ይስቁበት ጀመር።

ቢያድግልኝ ምን ተማረ? መጀመሪያ በርጩማውን መልሶ አዞረ። ከዚያ ውሃን ሳይሆን ሰውን ማንበብ ተማረ። ጠዋት ማንም ሰው ውሃ ሳይገባ ጠባቂዎቹን ሰብስቦ ፊት ለፊት ያያቸዋል። ሕፃን ሲያለቅስበት ያደረውን፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የወጣውን፣ ቁርሱን ሳይቀምስ የመጣውን ይለያል። የደከመ ዓይን ተከፍቶ ሳለ ማየት ያቆማል አለው አያ ጉልላት፤ ጭንቅላቱ ከግራ ወደ ቀኝ መዞሩን ትቶ አንድ ቦታ ሲተከል፣ ያ ጠባቂ ቆሞ ተኝቷል ማለት ነው። ያን ዕለት ንጉሡ ያያት ልጅም ምንም አላጠፋችም ነበር፤ ድካም ሲጀምራት አያ ጉልላት አይቶ ነው ያወረዳት። ጠባቂን ከማማ ማውረድ ያለበት ከመድከሙ በፊት እንጂ ከደከመ በኋላ አይደለም። ዋናውንም አልተወም። ሌሎቹን ሰው ተሸክማችሁ ዋኙ ከማለቱ በፊት ራሱ ደምለውን በጀርባው ተሸክሞ ይዋኛል፤ ራሱ የማይችለውን የሚያዝ አለቃ ማን ይሰማዋል? ግን መቻልና መግባት ሁለት እንደሆኑ ገባው። አለቃ ውሃ የሚገባው ሌላ የሚገባ ሰው ሲጠፋ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክንያት ሳይናገር ትእዛዝ አይሰጥም። ለምን ብለው ይጠይቁታል፣ ይመልሳል፤ ደግመው ይጠይቁታል፣ ደግሞ ይመልሳል። ንጉሡ በዚህ ነገር ልቡ ተማረከና አዘውትሮ መምጣት ጀመረ። ከጠባቂዎቹ መሀል ተቀምጦ እሱም ለምን እያለ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪያልቅም ይቀመጣል። ወገቡ ዳነ አልዳነ የሚያስታውስ የለም።

በቀጣዩ ዓመት አዝመራ ከገባ በኋላ ስንቅነሽ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች። ሩቅ አገር ተድራ ስለነበር ብዙ ጊዜ ሳይተያዩ ቆይተዋል። ቢያድግልኝ ደስ አለው፤ ሳይመሽ አልወርድም፣ እስከዚያው ታጠቢ አላት።

ረፋዱ ላይ ከየሺመቤት ማማ ቀንድ ተነፋ። የሺመቤት ከሴቶቹ ጠባቂዎች ቀልጣፋዋ ናት፤ ወዲያው ዘላ ገባች። ከዳር ያለ አንድ ሰው "ስንቅነሽ ናት! የአለቃው እህት ናት!" ብሎ ጮኸ።

ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ ምክንያቱንም ጠንቅቀው ያውቁታል። ግን ያን ጊዜ ወደ ውሃው አልዞሩም፤ ወደ ስንቅነሽም አላዩም። ሁሉም ያዩት የቢያድግልኝን ፊት ነበር። ሰው ናቸውና ምን ያደርግ ይሆን ብለው ነው።

ቢያድግልኝ ከበርጩማው ተነሳ። ከኋላው ውሃው ሲንቦጫረቅ፣ የሺመቤት ስትታገል ይሰማዋል። አዝሎ ያሳደጋት ልጅ ናት። ከእሱ የሚፈጥን ዋናተኛ በአገሩ የለም፤ ድንጋዩም ለእሷ የቀረበ ነው። ማንም አይወቅሰውም ነበር። ግን አንገቱ አንድ ጊዜ ከዞረ ያ ሁሉ አንገት ተከትሎት እንደሚዞር አወቀ።

"ድርሻችሁን!" አለ።

ዓይኖቹ አንድ በአንድ ወደ ውሃው ተመለሱ። እሱም አንድ በአንድ አያቸው። ደምለው ብቻ አልተመለሰም፤ እንደ ደነገጠ አለቃውን እያየ ቀርቷል።

"ደምለው፣ ወንድሜ፣ ድርሻህን።"

ደምለው ዞረ። እንደ ዞረም ቀንዱን ነፍቶ ተወረወረ። ከእሱ ማማ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን እንደያዙ አሸዋው ከድቷቸው፣ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ታች እየሄዱ ነበር። ከውሃው በላይ የቀረው ራሰ በራቸው ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ከቢያድግልኝ ጀርባ መንቦጫረቁ ቆመ። የሺመቤት ስንቅነሽን አውጥታ ይሁን፣ ሁለቱም ሰምጠው ይሁን አያውቅም። ንጉሡ ከዳር ቆሞ ወደ ውሃው ያያል፤ የንጉሡን ፊት ቢያይ መልሱን ያገኘዋል። እሱንም አላየም። ዓይኑን ከጠባቂዎቹ ሳይነቅል፣ የየሺመቤትንና የደምለውን ድርሻ ለቀሩት አከፋፈለ። እንባው እየወረደ ነው፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከድንጋዩ ሥር ሰው ሲያስል ሰማ። ሳሉ የእህቱ እንደሆነ አወቀ። ያኔም አልዞረም። በየሺመቤት ማማ ላይ ምትክ ሰው ወጥቶ ውሃውን ማየት እስኪጀምር ቆየ። ከዚያ ነው የዞረው።

ስንቅነሽ የድንጋዩን ጫፍ ይዛ፣ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ከሥር ወደ ላይ ስታየው ነበር። ከሞት መውጣቷ አልነበረም ያስለቀሳት።

"ወንድም ጋሼ፣ ዞር ብለህ እንኳን አላየኸኝም" አለችው።

ቢያድግልኝ ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከወዲያ ማዶ ደምለው ሽማግሌውን አሸዋው ላይ አስተኝቶ ጀርባቸውን ይመታል፤ ውሃ ሲያስመልሱ ይታያሉ። ወደ እሳቸው አመለከታት።

"አንቺን የምታይሽ የሺመቤት ነበረች፣ እህቴ" አላት። "እሳቸውን የሚያይ ማንም አልነበረም።"

ስንቅነሽ ሽማግሌውን ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ተርፈው ሲቀመጡ፣ አንድ ሰው ጋቢ ሲደርብላቸው አየች። ከዚያ ራሷን ወንድሟ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ሁለቱም እንደ ልጅ አለቀሱ።

ይሄን ታሪክ ያጫወትኳችሁ ስለ ዋና ለማውራት ብዬ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ዋናም አንችል። ሰው ስንሾም የምንመርጠው ከሁሉ ፈጥኖ የሚዘለውን፣ እልል የሚባልለትን ነው። የጠባቂዎች አለቃ ግን ሌላ ሰው ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ግን ለሠራተኞቹ ይተውላቸዋል። ትእዛዙን ከነምክንያቱ ይሰጣል። ሰዎቹን ከመውደቃቸው በፊት ያያቸዋል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ የሚወደውን ሰው በሌላ ሰው እጅ አምኖ ትቶ፣ ማንም ያላየውን ማየቱ ነው። ይሄ የንጉሥም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም፣ የአስተማሪም፣ የእናትና የአባትም ሥራ ነው።

በየቤታችን አንድ የሚጮህ አለ። የሚያምጽ ልጅ፣ የሚያማርር ባልንጀራ፣ ችግሩን የማይደብቅ ዘመድ። ለእሱ ተሯሩጠን እንደርሳለን፤ መድረስም ይገባናል። ግን ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ጊዜ ወደ ሌላው ወገን ዞር በሉና እዩ። ደህና ነኝ ብሎ የቆመው፣ ምንም የማይጠይቃችሁ፣ ከሰሞኑ ድምፁን ያልሰማችሁት ሰው ማን ነው?